ሁለት ግራ

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ላይ፣ ያቺ ሱቅ፣ ከላውንደሪው ዳር፣
ሰሌዳዋ ይምላል፦ «ሁሉም በአንድ ዶላር»፤
ውስጥ ግን በአንድ ዶላር የሚሸጥ አልነበር።

ጣሪያው ያፈሰውን ባልዲ ነው የሚቀልበው፤
ባልዲውም ይሸጣል፣ ውሃው ምርቃት ነው።

ባለሱቋ ኦሪሲያ፣ መነጽሯን በፕላስተር ያሰረች፣
ካርቶን ቆፍራ፣ ቆፍራ፣ የሱፍ ጓንት አወጣች፤
«ሁለቱም ግራ ናቸው፤ በግማሽ ውሰድ» አለች።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤ ምን አማርጣለሁ?
የፈተና ሳምንት ነው። ከፈልሁ፣ አጠለቅሁ።
አውራ ጣቴ ያን ክረምት
የትንሿን ጣት ክፍል ተከራይቶ ከረመ።

አሁን እዚያ ጥርስ ይነቀላል፤ ጣሪያው ደርቋል።
ባለፈው ወር ሄድሁና፣ ሂሳቡን ሳየው፣
ልፈርም ብዕር ሳነሳ
ቀኝ እጄ፣ እንደልማዱ፣ ግራ ገባው።