ማን ነው?

ነታንያ ከተማ፣ ሄርዝል ጎዳና፣
ጫማ ሻጭ ነኝ እኔ፤ ስምንት ዓመት ሆነና
የደንበኛን መልክ ማስታወስ ትቻለሁ፤
ከቁርጭምጭሚት በታች ሰውን አውቀዋለሁ።

ሉድሚላ መጣች፣ ጉልበቷን አሟት፤
መሮጫው ማሽን ላይ ወጣች በስጋት፤
ካሜራው ከኋላ፣ ከወለሉ ጥግ ያያታል በትጋት።
ሶሉ የወፈረ ጫማ አጠለቀች፤
ተረከዟን አስቀድማ፣ እርምጃዋን አርዝማ፣
እንደ ዕዳ ጠያቂ ወለሉን አንኳኳች።
በስሱ ቀየርኩላት፤ ያችው ሴት፣ ያው ፍጥነት፤
አሁን ግን በጣቶቿ ሥር ነው የምታርፍበት፤
አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣
ፍም እንደረገጠ ሰው ኮቴዋ ተቻኩሎ።
ጉልበቷ እፎይ ሲል ባቷ ጮኸባት፤
«ሕመሜስ የት ሄደ?» አለች፣ ደነቃት።
«የትም አልሄደ» አልኳት፣ «ቤት ቀይሮ ነው፤
ከላይኛው ፎቅ ወርዶ ታች የተከራየው።»

ሻውል ደግሞ አለ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣
የግራ ጫማው በውስጥ ጎኑ ተበልቶ የሚቀር፤
አርባ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግሩ
ዛሬም ማርሽ ይለውጣል፣ ሲራመድ በሰፈሩ።
ጎኑ የጠነከረ፣ ድጋፍ ያለው ሰጠሁት፤
ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መስታወት ፊት አቆምኩት።
ቆሞ ቆሞ፣ «ልጄ» አለኝ፣
«የማንን እግር ነው ያዋስሽኝ?»

ሳቅሁ።
ሳቄ ሳይደርቅ እኔም ገዛሁ፣ በሠራተኛ ቅናሽ፤
አረፋው ከፍ ያለ፣ ሆዱ ውስጥ የካርቦን ሰሌዳ ያለው፣
የሚያራምድ ሳይሆን የሚወረውር ነው።
ከገደሉ አፋፍ፣ ባሕሩን በቀኜ አድርጌ
ወደ ደቡብ ሮጥኩ።
ጉልበቴ ዝም አለ፤
ስድስት ዓመት ሲያወራ የኖረ ጉልበቴ።

ሄፍጺባ ነው ቤቴ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
አባዬ በር ሥር ይቀመጣል፣ ሰው በጆሮው ሊያይ።
ግላኮማ ዓይኑን ከወሰደው ወዲህ
ደረጃው ነው ጋዜጣው፤ የሚያነብበው እንዲህ፦
«ያልጋነሽ ናት፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሐብሐብ ተሸክማለች፤
ሁለት ደረጃ ወጥታ አንዱ ላይ ታርፋለች።»
«የመልኬ ልጅ ነው፤ ዛሬም ፈተና ወድቋል፤
ያለፈ ልጅ እኮ ደረጃ ይዘላል።»

ያን ምሽት ወጣሁ፣ ላቤ ሳይደርቅልኝ።
«ማን ነው?» አለኝ።
ቁልፌን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።
«ማን ነዎት? ዋጋዬ ገና አልገባችም፤ ቆይተው ይምጡ።»
አንቱ ተባልኩ፣
በገዛ ደጃፌ፣ በገዛ አባቴ።

«አባዬ፣ እኔው ነኝ።»
«ድምፅሽስ ያንቺ ነው፤ ኮቴው ግን የሰው ነው።»
ጫማውን ተቀበለኝ፤ በአውራ ጣቱ አረፋውን ጨመቀ፤
«ዳቦ ነው ይሄማ! ስንት አሉሽ?» ብሎ ሳቀ።
ግማሹን ነገርኩት። ግማሹም ከበደው፤
«የዳቦው ዋጋ ይህ ከሆነ፣ ዋጋዬ የት ገባች?» አለ እንደ ቀልድ፣
ግን ሳቁ አልነበረም።

«በይ ውረጂ፤ እንደገና ውጪ።»
ወረድኩ። ወጣሁ።
«አሁንም።»
ያልጋነሽ ከላይ መደገፊያው ላይ ዘንበል ብላ ታየናለች፤
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ
(ለማያይ ዓይን መጨፈን ለምን እንደሚያስፈልገው እንጃ)
እንደ አዲስ ፊደል ኮቴዬን ያጠናል፦
«አሮጌው ‹ጣ-ደፍ› ይል ነበር፤ ይሄኛው ‹ፉፍ› ይላል።
በቃ፣ ግቢ፤ ገብቶኛል።»

ከዚያ ወዲህ፣ ቁልፌ በሩን ሳይነካ፣
«ዛሬ በዳቦው ነሽ» ይለኛል።
በስሱ ስመጣ፣ «ምነው? ማን አባረረሽ?»

ባለፈው ሐሙስ ግን ልፈትነው ብዬ፣
ጫማዬን አወለቅሁ፤ በእጄ አንጠልጥዬ፣
በካልሲ ብቻ፣ እንደ ሌባ፣ ትንፋሼን ውጬ
ሦስቱንም ፎቅ ወጣሁ።

በሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ።
«ጉልበትሽ» አለ፣ «መታጠፊያው ላይ ቋ ይላል።
ዳቦው ነበር ድምፁን የበላው።»