ገና ነው

ደብረ ማርቆስ ላይ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ይነጣል፣
ብርዱ በእግሬ ገብቶ ካጥንቴ ይቀመጣል።
የሰው ቤት እመርጋለሁ፤ ይሄ ነው የኔ ሥራ፣
የጤፍ ጭድ ስረግጥ ውዬ፥ ከአፈር ከውኃ ጋራ።
በልጅነቴ ቅኔ ቤት፥ ዲማ ጊዮርጊስ ሳለሁ፣
ቤት መምታት ተምሬ ነበር፤ ዛሬም እመታለሁ፤
ስንኙ ቤት አለው፤ እኔ ነኝ ቤት ያጣሁ።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነው፥ የገና ዋዜማ፣
እትዬ ፈንታነሽ መጡ፤ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ፦
«አንማው፥ ልጄ ከቡሬ ሚስት አግብቶ ይመጣል፣
ክፍሏ ለሱ ናት፤ ዛሬ ማታ ዕቃውን ያስቀምጣል።»
ክፉ ሰው አይደሉም። የሃያ ቀን ኪራይ ቆጥረው አልጋው ላይ አፈሰሱ፤
ሕፃኗን ላለማየት ነው መሰለኝ፥ ፊታቸውን ወደ ደጅ መለሱ።

የቤት ማኅበር ከገባን፥ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቱ፤
ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ ቢሮው ዝግ ነው ከጠዋቱ።
ዘበኛው እጁን ያሞቃል። «ፋይልህ የት ይሄድብሃል፤
በዓሉ ይለፍ» አለኝ። በዓሉስ ያልፋል፤ ሌሊቱን ማን ያሳልፍልኛል?

ጌታ ሆይ፥ አልደብቅህም፤ መንገድ ላይ ተቆጥቼሃለሁ፤
ስንት ግድግዳ በስምህ አማትቤ ጀምሬያለሁ፣
ስንት ሰው ሲገባበት፥ ደጁ ላይ ቆሜ መርቄያለሁ።

ማታ ዕቃችንን ጫንን፦ ፍራሽ፥ ብረት ድስት፥ ያራስ ጋቢ፣
ወደ ጀመርኩት ቤት ሄድን፤ በር የለው፥ አጥር የለው ግቢ።
ባለቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ስልክ ደወልኩለት ፈርቼ፣
«ሦስት ሌሊት ልደርበት» አልኩት፥ ስሙን ሁለቴ ጠርቼ።
ዝም አለ። ከስልኩ ማዶ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።
«እደር» አለኝ። «እሳት ተጠንቀቅ፤ ጣውላ አለ፥ ይቃጠላል።»

እደር።
አንዲት ቃል ናት። ግን ከጆሮዬ አልለቅ አለች፣
የየኔታን ሳልና ድምፅ ከዲማ ጠቅልላ አመጣች፦
«ቃል ሥጋ ሆኖ አደረ ሲል፥ ምን ማለት ነው?» ይሉን ነበር፣
«ኖረ ነው» ስንል ይስቃሉ። «መኖሩስ ይሁን፤ ግን ማደር…
መሽቶበት ያላደረ፥ የእንግዳን ልብ አያውቅም፤
ሰሙን ይዛችሁ አትተኙ፤ ወርቁ እዚያው ታች ነው፥ አይርቅም።»

ያኔ አልቆፈርኩም። ዛሬ ግን፥ በዚህች ብርዳም ማታ፣
በበሩ ክፍት ጆንያ ስሰቅል፥ ቃሉ በእጄ ላይ ተፈታ፦

መሽቶበት ነው የመጣው።
ወላጆቹም ሊመዘገቡ ነበር የሄዱት፤ እንደኛው፣
መዝገቡ ተገኘ፥ ክፍል ጠፋ፤ በረት ብቻ ነው የቀረው።
እና አደረ። ጭድ ላይ። ይሄ እኔ ቀን ሙሉ የምረግጠው።
ጭድ ባይኖር ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፣
ነፋስ የሚወስደው ቀላሉ ነገር፥ ግድግዳ አጥብቆ ይይዛል።

አስካል ማምሻውን የመረግኩትን በመዳፏ ዳሰሰች።
«ደርቋል?» አልኳት።
«ገና ነው» አለች።
ሁለታችንም ሳቅን፥ ሳናስበው። ገና ነው።
ቤታችንም ገና ነው፥ ፋይላችንም ገና ነው፣
የልጃችን ሰማንያ ቀን፥ ክርስትናዋም ገና ነው።

የሕፃኗን እጅ ይዛ፥ ከጥጉ፥ ከታች፥ ሰው ከማያየው፣
እርጥቡ ላይ ጫን አደረገች፤ አምስት ጣት፥ ባቄላ የሚያክለው።
ባለቤቱ ኖራ ይቀባዋል። ይቀባው።

ከአብማ ማርያም ደወል ሲሰማ፥ አስካል ከልጇ ጋር ቀረች፤
«ለኛም ስገድልን» ብላ፥ ነጠላዬን አስተካከለች።
ብቻዬን ወረድኩ በጨለማው፤ ሰው በየመንገዱ ነጭ ለብሶ፣
ማኅሌቱ ከሩቅ ይሰማል፥ ከበሮው ውርጩን ጥሶ።
ደጀ ሰላሙ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣
ከእግሬ ጣቶች መሀል አንዲት ጭድ ወደቀች።
አነሣኋት።
ይዣት ገባሁ።