ራሱን የሳተ

ከፖስታ ቤት ጀርባ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣
ሊፍቱ ከሞተ ሦስት ክረምት አለፈው፤
ደረጃውን ወጥቶ የሚደርሰው ሁሉ
ላቡን ሳይጠርግ «ይድናል ወይ?» ቃሉ።

አቶ ዘርጋው መጡ በሐምሌ ዝናብ፣
ስልክ ጠቅልለው በነጭ መሀረብ።
«ቪድዮ ጠፋብኝ» አላሉም እንደ ሰው፤
«ወንድሜ እዚህ ውስጥ ነው» አሉ ቀስ አድርገው።

«ከሆስፒታል አልጋ፣ ሰው ሁሉ አስወጥቶ፣
ለኔ ነው ያወራው፣ ስልኩን ትራስ አስጠግቶ።
ከነመሀረቡ ላከልኝ። ሞተ።
ለማየት ፈራሁ፤ አርባው ይውጣ አልኩ።
አርባው ሳይወጣ የልጅ ልጆቼ ጠረጉት።
ልጅ ምን ያውቃል፣ እኔ ነኝ የዘገየሁ።»

ሌሊቱን ሙሉ ካርዱን ስበረብር አደርኩ።
ንጋት ላይ ተገኘ፦ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ መጠኑም አላነሰ።
ስነካው ግን አይከፈትም።
ገላው ሙሉ ነው፣ ራሱ የለም።
ምስሉ የት እንደሚጀምር፣ ድምፁ ከየቱ ከንፈር እንደሚገጥም
የሚያውቀውን ቁራሽ እኛ ራስ እንለዋለን፤
የሚገርመው፣ ስልክ ራሱን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው።
«ራሱን ሳተ» ያሉት የጥንት ሰዎች
ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

ራስ ላጣ ፋይል ራስ የሚያበድር ጤነኛ ይፈለጋል፣
ከዚያው ስልክ፣ በዚያው ልክ የተቀረጸ።
መስኮቱን ከፍቼ ቸርችልን ቀረጽኩ፦
ቁልቁል የሚጋልብ ጎርፍ፣
ጃንጥላዋ የተገለበጠባት ሴት፣
ከሚኒባስ ደፍ ላይ «ለገሃር! ለገሃር!» የሚል ረዳት።
ሃያ ሰከንድ በቃ።
የዝናቡን ራስ ወስጄ ለሟቹ ገጠምኩ።

መጀመሪያ አረንጓዴ ብቻ።
ቀጥሎ ፊት፣ በካሬ በካሬ የተበተነ፣ አገጭ ከአፍ ርቆ።
ቀጥሎ ድምፅ፣ ከንፈሩን ጥሎት የሚቀድም።
ሁለቱን እስካስታርቅ ቀትር ሆነ።

አቶ ዘርጋው ከኋላዬ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።
ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
«በአንድ ክንድ አጥር አሥራ አራት ዓመት።
ልምጣ ብዬ፣ ብዬ፣ እግሬ እንቢ አለኝ።
ታረቀው ይሉኛል ሰዎቹ።
እኔ ግን፣ ዘርጋው፣ ይቅር ብ

ኳስ።
ከቴሌቪዥን የተቀረጸ ፍጹም ቅጣት ምት፣
የሕፃናት ጩኸት፣ የተገለበጠ ወንበር።
ከጠፋ በኋላ ሌላ ቀርጸውበታል፤
የወልደየስ ቃል በተኛበት ቦታ ጎል ገብቷል።

ይቅር ብዬሃለሁ?
ይቅርብኝ?
ፍጥነቱን በግማሽ አወረድኩ፣ በሩብ፤
በ«ር» እና በ«ብ» መሀል ክፍተት ካለ ምሕረት ነው፣
ከሌለ እንቢታ።
ለካሁት። አለች ትንሽ ክፍተት፣
የታመመ ሰው ትንፋሽ ታህል።

እላይ ደግሞ «ብዬ፣ ብዬ» የሚል አለ።
ቆርጬ ብቀጥለው ማን ያውቅብኛል?
ራስ የገጠመ እጅ ጅራት አያቅተው።
ማውሱን ለቅቄ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ድገመው።» ደገምኩት።
«ድገመው።»
ከስድስተኛው በኋላ «ኳሱን ልቁረጠው?» አልኳቸው።
«ተወው፣ የልጆቹ ድምፅ ነው።»

ስሸኛቸው እንደ ልማዴ መከርኩ፦
ሲጠፋብዎ ካርዱ ላይ ምንም አይቅረጹ፣
የተመለሰውን እዚያው መልሰው አያስቀምጡ፣
ሁለት ቦታ ይገልብጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር፣
ሳያስፈቅዱ አይንቀሉ፣
ባትሪው ሳይጨርስ ያቁሙት፣ ራሱ እንዲጻፍ።
መሀረቡን እያጠፉ ሰሙኝ።
«ሲላክልህ በዚያው ቀን እይ» አሉ፣
«ይህንንም ጨምርበት።»

ደረጃው ላይ ኮቴያቸው ቆመ፣ ቀጠለ፣ ቆመ።

ኮምፒውተሬ ላይ የቀረው ያ ሃያ ሰከንድ ዝናብ ነው፤
ረዳቱ አሁንም ይጣራል፣ ሴትየዋ ጃንጥላዋን አልመለሰችም።
ልሰርዘው ነበር።
ሁለት ቦታ ገለበጥኩት።