ሀ መስሎኝ

ሀ ብዬ ስጀምር፣ ሀ ላይ ነው የሳትኩት።
አላቨርዲ ጣቢያ፣ ጥላሸት ባጠላው በአሮጌው መስኮት
የተለጠፈውን የጉዞ ሰሌዳ ቀና ብዬ ሳየው፣
ፊደሉ የኛ ነው!
አንዱ አፉን ከፍቶ ሰማይ የሚለምን፣
አንዱ እንደ ደጃፍ በር የቆመ ቀን በቀን፣
የልጅነት ጓዶች፣ ከአርመን ጋራ መሀል ድንገት ሳገኛቸው
"ምን እግር ጣላችሁ?" ብዬ ልስማቸው።

መሄጃዬ ሃግፓት፤ ከገደል አፋፍ ላይ ገዳም አለ ብለው።
ሀ ከፊቱ የለጠፈ ሚኒባስ አየሁ፤ ገባሁበት ዘው።
ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።
የተማርኩ ሰው እኮ ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩኝ፤
መንገድ መጠየቁ ነውር እየመሰለኝ።

ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ድንገት፣ እህም እንኳ ሳይሉኝ፣
የመኪና ባትሪ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።
እንደ ክርስትና ልጅ አቀፍኩት። ምን ላድርግ?
በየመታጠፊያው አሲዱ እንዳይፈስብኝ ትንፋሼን እየዋጥኩ።

መጨረሻው ፌርማታ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።
"ሃግፓት?" ስል ሳቀብኝ፤ "ሳናሂን!" አለና ጣቱን ወደ ጽሑፉ ሰደደ።
ያ ሀ ያልኩት ፊደል ለካ እነሱ ዘንድ ስ ነው።
ባትሪውም ከባለቤቱ ጋር ሄደ።

ቀረሁ። ከፊቴ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ዝናብ የላጠው፣ ግራጫ፣
አምስት ወንዶች፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ጠባብ መወጣጫ።
ፒያኖው እንደ እልኸኛ በቅሎ እግሩን ተክሎ ቆሟል።
ገቮንድ የሚሉት፣ ጢሙ እንደ መጥረጊያ፣ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፦
መክ፣ የርኩ፣ የረክ፣ ቾርስ፣ ሂንግ…
ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቱ እንደ ጧፍ በራ፤
"ቬትስ!" አለኝ፤ ስድስት ማለቱ ነው፤ እስከ ማታ ድረስ በዚሁ ስጠራ።
ሌላው ሰው ቋንቋ ሲማር ከአንድ ይነሳል። እኔ ከስድስት ጀመርኩ።

አሳንሰሩ ሙት ነው። "ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ" ይላል አንዱ፤
"የለም፣ ከሶቪየት ጋር ነው የሞተው" ይላል ዘመዱ።
ክርክሩ ጦፎ ደረጃው መሀል ላይ ሲቆሙ፣
ከታች ያለሁት እኔ፤ ትከሻዬ ላይ ነው ታሪኩ ከነሸክሙ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተ፤
ባለ ፒጃማ ሰው የእንጆሪ አረቄ በሻይ ብርጭቆ አወጣ፤
ለኛ ቀዳ፤ ለፒያኖውም ክዳኑ ላይ ጠብ አደረገለት፣ እንዳይቆጣ።
አራተኛው ላይ ሆዱ ውስጥ አንድ ሽቦ አቃሰተ፤
እነሱም በአርመንኛ፣ እኔም በአማርኛ፣ ይቅርታ አልነው።
አምስተኛው ላይ በሩ ጠበበ። በሩን ነቀልነው።

ባለቤቲቱ የወንድ ሹራብ የለበሱ አሮጊት።
ስማቸው ህሪፕሲሜ። ሦስት ጊዜ ጥርሴ ላይ ተሰበረ፤
አራተኛው ላይ ገባኝ፤ አርሴማ! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።
"ስንቱ በስምዎ ጠበል ተጠምቆ ዳነ" እንዳልል፣
ቃል ከየት ይምጣ?
አማተብኩ። እሳቸውም አማተቡ፣ ልክ እንደኔ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

ፒያኖ መጫወት አይችሉም።
አንዲት ቁልፍ ነክተው አያውቁም።
ገቮንድ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የቀረውን በእጁ፣ አስረዳኝ፦
ምድር ቤት የነበረችው አስተማሪ፣ ሹሻኒክ፣ ማታ ማታ ትመታው ነበረ፤
ዘንድሮ ልጇ ሩሲያ ወሰዳት፤ ፒያኖው ቀረ።
ይኸው ነው እንግዲህ የመንገዱ ርዝመት፦ ከምድር እስከ አምስተኛ።
ለምን? አልኩ በዓይኔ።
አሮጊቷ ክዳኑን እያበሱ መለሱ፦
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየማታው፣ እኔ ድረስ በራሱ ሲወጣ ኖረ።
አሁን ደከመው። አንድ ቀን እኛ ብንሸከመው ምን ነበረ?"

ሃግፓትን በመስኮት አሳዩኝ፤ ከገደሉ ማዶ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ጥፍር ታክላለች።
ነገም እዚያው ናት፣ አልኩ። ከፒያኖው ሥር አነጠፉልኝ።

ሲመሽ ክዳኑን ከፍተው እርሳስ አመጡ፤ የተሸከመ ይፈርም ተባለ።
አምስቱ ፈረሙ። እኔም በፊደሌ ሀብቱ ብዬ ጻፍኩ።
አሮጊቷ መነጽራቸውን ሰክተው ጎንበስ አሉ፤
የስሜን መጀመሪያ በጣታቸው ተከትለው "ስ…" አሉ።
በድፍረት። ማንንም ሳይጠይቁ።
የተማሩ ሰው ናቸው፣ ፊደል የቆጠሩ።

ዝም አልኩ።