የበሩ ቁራጭ

ራስ አልኸይማ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ብረት ቤታችን ውስጥ እሳት ሲረጭ ማልዶ፣
አንድ ጎልማሳ መጣ፣ ወረቀቱን ይዞ፣
ለአዲሱ በራቸው የነሐስ ዓርማ አዝዞ።

«ግንብ ቅረጽልኝ» አለ፣ «ከነሦስት ጥርሱ፣
የአያቶቼ ምልክት፣ ስማችን ነው እሱ።
ግንብ ማለት ጽናት ነው፣ ያልተደፈረ ዘር፤
አይቶ ይወቅ ሰዉ ቁመታችንን ከበር።»

«በሩስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ «ዝግ ነው ወይስ ክፍት?
ነሐስ ከተቆረጠ አይታረም ጥፋት።»
ጉል ዛማን አለቃዬ ጥጉ ላይ አስልቶ፣
«ክፍት ከሆነ ይጨምራል» አለ፣ ሻዩን ጠጥቶ።

ጎልማሳው ዝም አለ። ላክስቱ ደውሎ
ስልኩን ሰጠኝ ለኔ፣ «እሷ ትንገርህ» ብሎ።

«ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ ሞዛ የምትባል፣
በተሰባበረው አረብኛዬ በኩል፣
«አውቀዋለሁ ያን ግንብ፣ ጭቃና ድንጋይ ነው፣
የተምሩን ማሳና ጕድጓዱን የሚያየው።
በሩ ሰማይ ላይ ነው፣ መሰላል የለውም፣
በገመድ ተስቦ ነው የሚገባው ሁሉም።
እናቴን በጨቅላዋ በቅርጫት ሳቧት፤
ታች የቀረ ነበር። ስሙን አልነገሯት።

ክብር አይደለም ልጄ፣ ስጋት ነው የገነባው፤
ትንሽ ነበር ውኃው፣ ብዙ የሚጠጣው።
ይኩራበት ልጁማ። አንተ በሩን ክፈት፤
ምናልባት ታች የቀረው ከመጣ ይግባበት።»

አባቴ ግንበኛ ነው። ወልድያ ብትሄዱ
ከሦስት የግንብ አጥር የእሱ እጅ ነው አንዱ።
ግንበኛ ይሉታል፤ ግንብ ግን የለውም፣
የእኛ ጭቃ ቤት ዘሟል፤ እስካሁን አላቀናውም።
ለእኛ ዓርማ ቢቀረጽ ቱንቢ ነው መሰለኝ፣
ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ
ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ቀጥ ብሎ የሚያይልኝ።

ሰኞ ዕለት ሰቀልነው። ጎልማሳው ፎቶ አነሳ፣
ከግንቡ ሥር ቆሞ፣ ደረቱን አሳብጦ፣ እንደ አንበሳ።
ሞዛ አልመጣችም፤ አሟት ነበር አሉ።
አመሻሽ ፀሐይዋ ስትዞር ወደ ኋላው፣
በተቆረጠው በኩል ሾልኮ ብርሃኑ፣
አቧራው ላይ ወደቀ፣ ትንሽ በር መስሎ፤
አንድ ድመት መጥቶ ተኛበት።

የቆረጥሁት ነሐስ፣ ጣት የምታህል በር፣
ኪሴ ውስጥ ናት አሁን፣ ከማደሪያዬ ቁልፍ ጋር።
ስራመድ ትንኳኳለች።