አንድ እፍኝ ጠጠር

«አባ፣ ያ ፊልምህ ተገኘ» አለች ሚልኪ ስልኳን ዘርግታ፣
ገና ሳይጀምር በሳቅ ፈርሳ፣ ትራሱ ላይ ተደፍታ።
አውሬው ከባሕር ብቅ ሲል ጀርባው ላይ ዚፕ አየች፤
«ሳይዘጋው ነው የወጣው፣ ብርድ ይመታዋል» አለች።
የሚበረውን ሰው ወገብ በሁለት ጣቷ አጎላችና
ክር አገኘች፤ ቀጭን ጥቁር ክር፤ እኔ ያየሁት አሁን ገና።
«ይሄን ነበር የምትፈሩት?»
«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ይሉት።

ኩምሳ ቪዲዮ ቤት፣ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፤
ሃምሳ ሳንቲም ለተቀማጭ፣ ስሙኒ ቆሞ ለሚገባ።
አንድ ቬንትሌተር ነበር፣ ዴኩን ብቻ የሚያቀዘቅዝ፤
«ሰው ቢያልበው አይበላሽም» ይላል ኩምሳ ስንነጫነጭ፣ ሳይደነግጥ፣ ሳይተክዝ።
ካሴቱ ግን ያኔም አርጅቷል፤ እኛ ዘንድ ሳይመጣ በፊት
ስንት ከተማ ዞሮ፣ ስንት ዴክ አኝኮ ተፍቶት፤
መሐሉ ላይ፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል።
ከተማ በዝምታ ሲሰምጥ፣ እስቲ ማን ይፈራል?

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው።
ማለቴ፣ የምወጣው።
መግቢያ ለሌለው ልጅ ኩምሳ ያገኘለት ሥራ ነው፤
በጓሮ ግንብ ላይ መንጠልጠል፣ ኪስን በጠጠር ሞልቶ፣
ኩምሳ ሁለቴ እስኪያስል መጠበቅ፣ ፀሐይ ማጅራት በልቶ።
መጀመሪያ አሸዋ፣ በስሱ፣ ካፊያ እንዲመስል፤
ቀጥሎ ጠጠር፤ ቀጥሎ ቡጢ፣ ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ እስኪል።
ውስጥ ሰው ይጮሃል።
እኔ ደጅ እስቃለሁ፣ አቧራ አፌ ይገባል።

አንድ ቀን ጋሪ ነጂው ሽኩር ከውስጥ ተወርውሮ ወጣ፣
የሽንኩርት ጭነቱ እንዳይረጥብበት፣ ሸራ ሊያመጣ።
ሰማዩ ጠራርቷል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤
የፈረሱ ጆሮ እንኳ ደረቅ ነው፣ ዝንብ አርፋበታለች።
ቀና አለ፤ እኔን አየ፤ እጄን፣ ጠጠሩን፣ ፊቴን።
«አሁን ሊያወርደኝ ነው» ብዬ ዋጥኩት ትንፋሼን።
ሽኩር ግን ሸራውን ጥሎ፣ ምንም ሳይል፣ ተመለሰ፤
«ጎርፉ! ጎርፉ!» ብሎ ሲጮህ ድምፁ ጣሪያው ላይ ደረሰ።

እኔ ጎርፉን አይቼው አላውቅም። ለካ ሳፋ ኖሯል።
ካርቶን ቤቶች ቆመውበት፣ ውሃው በጆግ ይፈሳል፤
ጥግ ላይ፣ ለአፍታ፣ አንድ አውራ ጣት፣ ጥፍሩ ጥቁር፣
ብልጭ ብሎ ገባ፣ እንዳይታይ ሲጥር።
ሚልኪ ሳቀች።
ስሙን አላውቅም፤ አገሩንም።
የሥራ ባልደረባዬ ነው።

«ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወጣሁ። ጎረቤት ቤት እያሠራ
ጠጠሩን ከአጥራችን ሥር ከምሮታል እንደ ተራራ።
ትከሻዬ የድሮው አይደለም፤ የመጀመሪያው እፍኝ አጠረ፤
ሁለተኛው ቆርቆሮው ላይ አርፎ፣ እየተንከባለለ፣ ካፊያ ጀመረ።
ሁለቴ የሚያስል ሰው የለም፤ ራሴው አሳልኩ።
ከዚያ ሙሉውን፣ በሁለት እጄ፣ ያለኝን ሁሉ ለቀቅኩ።

«ልብሱ! ልብሱ!» ስትል ሰማሁ፤ በሩን በርግዳ፣ ባዶ እግሯን፣
ከገመዱ ላይ ነጠቀች አንሶላውን፣ ሸሚዜን፣ ዩኒፎርሟን፤
ክንዷ ሞልቶ ቆመች።
ቀና ብላ አየች።
ኮከብ ብቻ፣ ጠብታ የለም።
ከዚያ እጄን አየች።