የአሥራ ሰባት ሰዓት ዓመት

ፍራንኮ ሰፈር ነው ቤቱ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣
ዳቦ ቤቴ የቆመው፣ ግድግዳው ጥቀርሻ አብቅሎ።
ቀን የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግላለች፣
ሲመሽ ለእኔ ምድጃ ፈረቃዋን ታስረክባለች።
ነፋሱ ከቦኩ ወርዶ አቧራውን ሲያሽከረክር፣
እኔ ሊጥ እቆርጣለሁ፣ በሚዛን ግራም ስቆጥር።

ጃለኔ፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየች ተማሪ፣
«ኮከብ ነው የማጠናው» ብትለኝ፣ መስላኝ ዕጣ ነጋሪ፣
ስሜን ከእናቴ ስም ጋር ሰጠኋት፣ በአሥራ ሁለት እንድትገድፍ፤
ሳቀች፣
ጥቀርሻው ከጣሪያ እስኪረግፍ።

መብራት የጠፋ ለታ ላፕቶፗን እንደ ልጅ አዝላ፣
ትመጣለች ከጄኔሬተሬ ልትሰካ፣ ትኩስ ዳቦም ልትበላ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ስክሪኗ ላይ አንድ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና፣
ጎድጎድ ይላል ለጥቂት፣ ተመልሶ ደግሞ ሊቃና።
«ይሄ ጉድጓድ ምንድነው?» አልኳት።
«ጥላ ነው» አለች፣ «የዓለም ጥላ፤
በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን ትንሽ ከልላ።
እሷን በዓይኑ ያየ የለም፤ የታየው የጎደለው ነው፤
መኖሯን ያወቅንባት ስትጋርድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከእኛ ምድር ስምንት እጥፍ በክብደቷ ትመዝናለች፤
ከእሳቱ ሥር ተለጥፋ ሳትገላበጥ ትጋገራለች።
አንዱ ጎኗ ሁልጊዜ ቀን፣ ድንጋዩ ቀልጦ ባሕር፣
ሌላው ጎኗ ሁልጊዜ ሌት፣ ንጋት የማያውቀው አገር።
ስምም የላት፤ ቁጥርና ፊደል ናት፣ እንደ ቀበሌ ቤት።
ዓመቷ ደግሞ» አለችኝ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች፣
«በአሥራ ሰባት ሰዓት ያልቃል፤ ዞራ ጨርሳ ደረሰች።»

እኔ በዳቦ ቤት ሒሳብ ነገሩን ሳሰላው፣
ማታ በሦስት ያቦካሁት፣ ነገ በስምንት ዓመት ሞላው።
የዓመት ግብር በሳምንት አሥሬ ሊጠየቅ ነው ማለት ነው፣
የቀበሌው ሰው ደስ ይበለው።
ጳጉሜንስ?
ጳጉሜን ሩብ ሰዓት አትሞላ፤
አንድ ትሪ ዳቦ እስኪበስል፣ መጣች ሲሏት እልም ትላለች በኋላ።

ደግሞ ሙት ዓመት አለ።
ትርንጎ ካረፈች ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው በየካቲት፤
እዚያ ብንኖር ኖሮ
ሺህ አምስት መቶ ጊዜ በዘከርኩላት።
የትኛው ዕድር ይችለዋል፣ በየማግስቱ ድንኳን ሊተክል?
የትኛው ሰው ይችለዋል፣
ማቁን ሳያወልቅ ደግሞ ማቅ ሊጠቀልል?

ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም።
ፊቴንም አላሳየኋት፤
ምድጃው በቀኜ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ በኩል፤
ቀኝ ጉንጬ ጠቁሮ ቀረ፣ የተቀባ መሰለ ኩል።
ግራው የድሮው ነው፣ ጠይም፤ ትርንጎ የምትስመው እሱን፤
«ያኛው ይፋጃል» እያለች፣ ስትሸሸው ቀኙን።

ሌሊት ትሪ ልታቀብለኝ ከምድጃው አፍ ፊት ታልፋለች፤
አንዴ ሳይሆን መቶ ጊዜ፣ ሊጡን ታጨልምብኛለች።
«ዞር በይ ከብርሃኔ!» እላት ነበር፣ እጄ በዱቄት ነጥቶ፤
ትስቅና ዞር ትላለች፣ ቤቱ እንደገና በርቶ።
ሦስት ዓመት ሆነው፤
ብርሃኔ ሙሉ ነው።
የሚጋርደኝ የለም። መስመሬ ቀጥ ያለ ነው።

ጄኔሬተሩ አሳለ፤ ዛሬም ናፍጣው ቆሻሻ ነው።
ጃለኔ ተነሳች፣ «አንድ ልድገም ጋሼ?» ብላ፣
እግረ መንገዷን በምድጃው ፊት አለፈች፣
እጄ ላይ ወደቀ ጥላ።
«ዞር በይ» አፌ ላይ ደረሰ።
ዋጥኩት።
እሷ ጉዳዩን አላወቀችም፣ የበሰለውን እየመረጠች ቆመች፤
እኔም አልተንቀሳቀስኩም፣
ጳጉሜን መጣች፣ ጳጉሜን አለፈች።

አንድ ትሪ ዳቦ አረረ።